ሦስተኛው ማርሽ የገባ ዕለት

አባቴን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ጠቁሜበት አይደለም፤ ተጣልቼውም አይደለም። ያሳሰርኩት የአንዲት ቀይ መኪና ማርሽ አሳምሬ በመሥራቴ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡት ወዲህ ግን ብዕሬ እሺ እያለኝ፣ እኔም ወረቀት ባየሁ ቁጥር ልቤ እየዘለለ ስለሆነ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው፤ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች ዳር ነው። ከፊት በቆርቆሮ የታጠረው የአባቴ ጋራዥ፣ ከኋላ እኛ የምንኖርባት ሁለት ክፍል። አባቴን ሰፈርተኛው ጋሽ ወርቁ ይለዋል። የማንም መኪና ካምቢዮ ከተበላሸ፣ ማርሽ አልገባ ካለ፣ ከሳሪስም ከኮተቤም ተጎትቶ ወደሱ ይመጣል። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ፤ እጄም ቀጭን ነው። የሱ ጣት የማይደርስበት የኔ ስለሚደርስ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን አውልቄ ቱታ እለብስ ነበር።

እማዬ "ይቺ ልጅ ባል አታገኝም" ትላለች።

አባቴ "ባልየው መኪናው ከተበላሸበት ራሱ ይመጣል" ይላታል።

ማርሽ ማዳመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ጆሮሽን ተይው፤ መዳፍሽን ጠይቂው" ይለኝ ነበር። ጥሩ ማርሽ አይገፋም፤ አንተ ወደ በሩ ስታመራ በሩን ከውስጥ እንደሚከፍትልህ ሰው ነው። መጥፎው ግን ያንኳኳል፣ ያጉረመርማል፣ ያስለምናል። ይህንን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ መለየት ስችል አባቴ ለደንበኞቹ "ኑ ልጄን ፈትኗት" እያለ ይፎክርብኝ ነበር።

ቀይዋ መኪና የሻምበል ታደለ ናት። ሻምበል ከኛ ቤት ከፍ ብሎ ያለው ግቢ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሮማን ጋር ይኖራሉ። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ ነው የገዟት። ስታልፍ ድምጿን ሰምተን ከአጥር ላይ እንንጠለጠል ነበር። አንድ ቀን ሻምበል ከሥራ ሳይመለሱ ቀሩ። "ታሰሩ" ተባለ። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቅ እማዬ አባቴን ታየዋለች፤ አባቴ "ልጅ አለ" ይላል፤ ወሬው እዚያው ይቆረጣል።

"ልጅ አለ" ያኔ በየቤቱ ይባል ነበር። እንደኔ ያኔ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ በትምህርት ቤት ይጠየቃል፣ ልጅ አፉ አያርፍም፣ ስለዚህ ልጅ ሲገባ ትልልቆቹ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። እኛ ቤት በዚያ ዓመት ብዙ ዝናብ ዘነበ።

ሻምበል በታሰሩ በሳምንቱ እትዬ ሮማን መኪናዋን አስገፍተው ጋራዣችን አመጡ። ከአባቴ ጋር በሩን ዘግተው አወሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ለጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ሆነ የሚሰጠው፦ "ካምቢዮዋ አልቋል። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም።"

እኔ ያላወቅሁትን እናንተ አሁኑኑ እወቁት። የቀበሌው ሊቀመንበር መኪናዋን ከድሮም ዓይኑን ጥሎባት ነበር። ሻምበል ሲታሰሩ "ለቀበሌው ሥራ ትፈለጋለች" ብሎ ወረቀት አጻፈ። አባቴና እትዬ ሮማን የተስማሙት ባለቤቷ እስኪፈቱ ድረስ መኪናዋን ማንም እንዳይፈልጋት ማድረግ ነው። መደበቅ አይቻልም፤ ማበላሸት ግን ይቻላል። የማርሽ ዘንጉ ከታች ክብ ጫፍ አለው፤ ያ ጫፍ የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ቀለበት አባቴ አወጣውና ተበልቶ እንቁላል የመሰለ አሮጌ ተካበት። ከዚያ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ብረት መጋጠሚያ አላላው። ሌላ ምንም አልነካም። አንደኛና ሁለተኛ በመከራ ይገባሉ፤ ሦስተኛውን ብትፈልግ የለም።

ሊቀመንበሩ ሁለቴ ሾፌሩን ይዞ መጣ። ሾፌሩ ዘንጉን ይዞ ቀኝና ግራ ሲያወዛውዘው ቆየና ወረደ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ማርሽ አይደለም። የገንፎ ማማሰያ ነው።"

አባቴ "ካምቢዮው ከአገልግሎት ውጪ ነው" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። መኪናዋ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ሰባት ወር ቆመች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አባቴን አንድ መኪና እንዳቃተው ብቻ ነበር።

ይህም አንገበገበኝ። የሊቀመንበሩ ልጅ ሶስና ከኔ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አባባ ምን አለ መሰለሽ፣ ጋሽ ወርቁ ከዛሬ ጀምሮ የአህያ ጋሪ ይጠግን" አለች። ልጆቹ ሳቁ። ማታ ራት ላይ አላስችለኝ አለና ጠየቅሁት።

"አባባ፣ እውነት አቅቶህ ነው?"

ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። "አዎ፣ አቅቶኝ ነው" አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። እኔ ያፈረ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ናዝሬት የሚኖር ዘመዱ ሞቶ ለቅሶ ሄደ። እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሏል። ጋራዡ ዝግ ነው። እማዬን "ላጸዳው ነው" ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። ያን ቀን በልቤ የነበረው ነገር ይህ ነው፦ አባቴ ሲመለስ ማርሹ ተሠርቶ ያገኘዋል፤ ሶስናም ሰፈሩም አፋቸውን ይይዛሉ።

ሸራውን ገፍፌ ገባሁ። የዘንጉን ጎማ ልብስ አነሳሁ፤ አራት ብሎን በካቻቪቴ ፈታሁና ዘንጉን መዝዤ አወጣሁት። ችግሩ ወዲያው ታየኝ። ቀለበቱ ተበልቶ አልቋል። ገርሞኝ ሳቅሁ፤ አባቴን የሚያህል ሰው ይቺን አላየም? የሚመስለውን ፍለጋ መሳቢያዎቹን መበርበር ጀመርኩ። ከታችኛው መሳቢያ ከኋላ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘሁ፤ አቧራ ለብሷል። ስከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ ቀለበት አለ። ጤነኛ። ልክክ የሚል።

አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ጤነኛ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሳቢያ ጀርባ የሚያስቀምጥ ሰው ምክንያት አለው። እኔ ግን "አባባ ዕቃውን አግኝቶት ጊዜ አጥቶ ነው" ብዬ ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

ቀለበቱን ገጠምኩት። ዘንጉ ከበፊቱ ተሻለ፤ ግን አሁንም ይዋልላል። ከመኪናዋ ሥር ገብቼ መጋጠሚያውን ዳሰስኩት። ዳዶው ልል ነው፤ ቀዳዳውም ሰፍቷል። ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ብሎኑ ላይ እንደ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀዳዳውን ሞላሁት፤ ከዚያ አጠበቅሁ። ዘንጉን ወደ መሀል የሚመልሰው ሞላም ደክሟል፤ ከሥሩ አንድ ቀጭን ቀለበት ብረት ጨምሬ ነፍስ ዘራሁበት። ክብ ጫፉን በግራሶ ቀብቼ መለስኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ጉልበቴ ተላጠ፣ ፀጉሬ ግራሶ በግራሶ ሆነ፤ እኔ ግን እየዘፈንኩ ነበር።

ሞተሩ ሳይነሳ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። አንደኛ፦ ጠቅ። ሁለተኛ፦ ጠቅ። ወደ መሀል ለቀቅኩት፤ ራሱ ተመልሶ ቆመ። ወደ ሦስተኛ ገፋሁት፦ ጠቅ። እንደ አዲስ ሻንጣ ቁልፍ። ድሮ ክንድ ሙሉ ያስኬድ የነበረው ዘንግ አሁን የእጅ አንጓ ብቻ ነው የሚፈልገው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መሪውን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ብቻዬን የሠራሁት ነገር አልነበረም።

ይበቃኝ ነበር። ግን ቆሞ የገባ ማርሽ እየሄደ ካልገባ ሥራ አይባልም፤ ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሑድ ጠዋት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለጥገና ከገባ አንድ ፒካፕ ላይ ባትሪ ፈትቼ ለቀይዋ አሰርኩላት፤ ዕቃ ከምናጥብበት ጀሪካን ቤንዚን ጨመርኩ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ተነሳች። መንዳት አባቴ ግቢ ውስጥ አስተምሮኛል፤ መንገድ ላይ ነድቼ ግን አላውቅም። የቆርቆሮውን በር ከፍቼ አወጣኋት።

ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ እሑድ መንገዱ ባዶ ነው። በአንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ ገባ። ሞተሩ ማዜም ሲጀምር ፍሪሲዮን ረገጥኩና ዘንጉን ወደ ላይ አሰብኩት። ገፋሁት አላልኩም፣ አሰብኩት ነው ያልኩት። ሦስተኛው ሄዶ ተቀመጠ። የገርጂ ሜዳ በግራዬ ይሮጣል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ መዳፌ ላይ አንዲት ኮሽታ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እያወቅሁ እንኳ ያችን ደቂቃ መጥላት አልቻልኩም።

ከዚያ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። መንገዱን ይዤ እስከ ቀበሌው መዝናኛ ወረድኩ፤ እሑድ እሑድ ሰው ደጁ ላይ ዳማ እንደሚጫወት አውቃለሁ። እዩ ለማለት ነው። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ እዚያው ነበር። ድምጿን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን አነሳ፤ እኔም ኩራት በኩራት ሆኜ አቆምኩ።

"አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"የጋሽ ወርቁ።"

"ይቺ መኪና ትሄዳለች እንዴ?"

"ሦስተኛም ይገባል" አልኩት።

ሾፌሩን ጠራው። እኔ ወረድኩ፣ ሾፌሩ ገባ፤ ወደ ላይ ደርሶ ተመለሰና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅቤ ናት" አለ። ዳማ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ተነስተው ከበቧት።

"ማን ሠራው?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

አሁን ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙልኝ። እውነቱን ብናገር፣ "እኔ" ብል፣ ምናልባት ሁሉም ይስቁ ነበር፤ ምናልባት አባቴ "ልጅ በጨዋታ ነካክታ ነው" ብሎ ያመልጥ ነበር። እኔ ግን የወጣሁት ለአባቴ ስም ነው። ደስታዬን ሳይቀር ለሱ ሰጠሁት።

"አባቴ ነው" አልኩ። "ብቻውን።"

"ዕቃው አገር ውስጥ የለም ብሎ ፈርሞልኝ የለም እንዴ?"

"ቤት ነበር። በወተት ጣሳ ውስጥ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ። ጣሳው አቧራ ለብሶ ነበር።"

ሰውየው ፈገግ አለ። ራሴን ዳበሰኝ። "ጎበዝ ልጅ" አለኝ። "አባትሽ ሲመጣ ይፈለጋል በይው። መኪናዋ እዚሁ ትቆይ።"

በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁ? ምናልባት የምስጋና ወረቀት ይሰጡታል እያልኩ ነበር።

አባቴ ከሰዓት ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ጥጉን አየ፤ ሸራው መሬት ላይ ነው።

"መኪናዋስ?"

"አባባ፣ ሦስተኛው ገባ" አልኩት። ፊቱን ሳይ ድምፄ ወደ መጨረሻው ቀጠነ።

አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው እንድነግረው ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። አንዴ ብቻ "አቧራ ነበረው አልሻቸው?" አለኝ። "አዎ" ስለው አጭር ሳቅ ሳቀ፤ እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ "ብርድ ልብስና ፎጣ አዘጋጂልኝ" አላት።

እማዬ እያለቀሰች ወደኔ መጣች። "ምን አደረግሽን? አንቺ ልጅ ምን አደረግሽን?"

"ተያት" አላት። "ያልነገርናት እኛ ነን።" ከዚያ እጄን ያዘ። "ስሚ ማህሌት። ማን ሠራው ቢሉሽ እኔ ነኝ። ነገም እኔ፣ ከነገ ወዲያም እኔ። ገባሽ?"

ያኔ ነው እትዬ ሮማን የገቡት። ነጠላቸው መሬት ይጠርጋል፤ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው፣ መዝናኛው ደጅ ቆማ አይተዋት እየሮጡ ነው የመጡት።

"ወርቁ፣ መኪናዋን እዚያ አየኋት። እንዴት ነው ነገሩ?"

አፌን ከፈትኩ። አባቴ በጫማው ጫፍ እግሬን ረገጠኝ።

"ፈራሁ፣ እትዬ ሮማን" አላቸው። "ደጋግመው መጡብኝ። ፈራሁና ሠራሁላቸው።"

እትዬ ሮማን ለረጅም ጊዜ አዩት። "አንተም?" አሉት። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

አባቴ ሊወስዱት እስኪመጡ አልጠበቀም። ብርድ ልብሱን በብብቱ ይዞ በራሱ እግር ሄደ። በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰሰ ተባለ። ሃያ ስድስት ቀን ታሰረ። በየቀኑ ስንቅ ይዘን ሄደን ሳህኑን ባዶውን እየተቀበልን እንመለስ ነበር፤ ሳህኑ ባዶ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቀይዋ መኪና ደግሞ በየጠዋቱ በበራችን ታልፋለች። ኮረኮንቹ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀየር እሰማለሁ። አንድም ቀን አላንገራገረችም። ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ እንድትበላሽ እጸልይ ነበር፤ ግን ሥራዬን አውቀዋለሁ፣ አትበላሽም።

ሲፈታ እያነከሰ ነው የመጣው። ውስጥ እግሩን ምን እንዳደረጉት አልነገረንም፤ "ልጅ አለ" የሚለው ዕድሜዬ አልፎም ይህን ብቻ አልነገረኝም። ግራ እግሩ እስከ ዛሬ ፍሪሲዮን አጥብቆ መርገጥ አይችልም። የጋራዡን ፈቃድ ቀሙት፤ የቀበሌውን መኪኖች እየጠገነ እንዲያገለግል አደረጉት።

በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እግሩን በጨው ውሃ ሲዘፈዝፍ ጠራኝ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። እንዲያደርገው እፈልግም ነበር።

"መጋጠሚያውን በምን ሞላሽው?" አለኝ።

"በሰርዲን ቆርቆሮ።"

"ሞላውንስ?"

ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ትንሽ ገፋ አለ፤ ሦስተኛ መሆኑ ነው። "እኔ ቆርቆሮውን አላስበውም ነበር" አለ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና "ግቢ፣ ብርድ ነው" አለኝ። ስለ መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ሊቀመንበሩ ከነመኪናዋ ጠፋ። ሻምበል ታደለ ተፈቱ። ከስተው፣ ሸብተው መጡ። በበራችን ሲያልፉ አባቴ ብድግ ብሎ ሰላም ሊላቸው ሲል ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ባለቤታቸው የነገሯቸውን ነው የሚያውቁት፦ ወርቁ ፈርቶ አስረከበ። "ንገራቸው አባባ፣ አሁን ምን ያስፈራል?" ስለው "ተዪው፤ አንቺን በዚህ ዓይን ከሚያዩሽ እኔን ይዩኝ" አለኝ። የታሰረውን ሃያ ስድስት ቀን እችለዋለሁ፤ እሱ አልፏል። ይሄኛው ግን እስካሁን በበራችን እያለፈ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጅ ፊት ያለማውራታችሁ እኛን ለማዳን እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ግን ልጅ ባልተነገረው ነገር ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያየውን ይዞ በራሱ ይፈርዳል፣ ከዚያም ለመርዳት ይነሳል። እኔ በክፋት ያጠፋሁት ነገር ቢሆን ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። በፍቅርና በጥሩ ሥራ የጠፋን ነገር የት ወስደው እንደሚጥሉት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እትዬ ሮማን፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ፣ አባቴ ያን ዕለት "ፈራሁ" ያለዎት ውሸቱን ነው። ሰባት ወር ሙሉ "አቃተኝ" እያለ፣ ሰው እየሳቀበት መኪናዎን ጠብቆልዎታል። ማርሹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ፊት ነድቼ የወሰድኳትም እኔ ነኝ። አባቴ ይህን መጻፌን አያውቅም። ሲያነበው ይቆጣኛል።

ይቆጣኝ።